የአካባቢን እውቀት የት እንጻፈው? ለደሴና ለኮምቦልቻ ማኅበራት የዊኪ አማራጮች ንጽጽር

ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ውስጥ አንድ የትምህርት ቤት ክበብ፣ የወጣቶች ማኅበር ወይም የሰፈር ቤተ መጻሕፍት «የከተማችንን ታሪክ ኢንተርኔት ላይ እናስፍር» ብሎ ሲነሣ የመጀመሪያው ጥያቄ ብዙ ጊዜ «ዊኪፒዲያ ላይ እንዴት ነው የሚጻፈው?» ይሆናል። ከዚህ በፊት ግን በእጃችን ያለው እውቀት የየትኛው ዓይነት እንደሆነ መለየት አለበት። ደሴ ውስጥ ስላለው የንጉሥ ሚካኤል አይጠየፍ አዳራሽ በመጽሐፍ የታተመው ታሪክና አንድ አዛውንት ሰኞ ገበያ ቁጭ ብለው የሚተርኩት ታሪክ ሁለቱም ውድ ናቸው። የሚቀመጡበት ቤት ግን አንድ አይደለም። ሁለተኛውን ወስዶ ዊኪፒዲያ ላይ የጫነ ቡድን ሥራው ሊሰረዝበት ይችላል፤ የብዙ ሰው ልፋት እንዲህ ሲጠፋ ደግሞ ተመልሶ የሚጽፍ ሰው ማግኘት ይከብዳል።

ዊኪ ማለት አንባቢው ራሱ የሚያርመው፣ ማን መቼ ምን እንደለወጠም መዝግቦ የሚይዝ ድረ ገጽ ነው። የመጀመሪያውን እ.ኤ.አ. በ1995 የሠራው ዋርድ ከኒንግሃም ሲሆን ቃሉ በሃዋይ ቋንቋ «ፈጣን» ማለት ነው። ዊኪፒዲያ የመጣው ከዚያ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 15 ቀን 2001 ነው። ስለዚህ ዊኪፒዲያ ከብዙ ዊኪዎች አንዱ ነው፤ የራሱ ጠባይና የራሱ ደንብ አለው።

መመዘኛዎቹ

ከሁሉም የሚከብደው ማስረጃ ነው። ልትጽፉባቸው ካሰባችኋቸው ርእሶች ሃያውን ወረቀት ላይ ዘርዝሩ። ከእያንዳንዱ ጎን ሌላ ሰው ጽፎ ያሳተመውን ምንጭ አስፍሩ፤ መጽሐፍ ከሆነ ገጹን፣ ጋዜጣ ከሆነ ቀኑን። ከሃያው ውስጥ ጎናቸው ባዶ የቀረው ከአሥር ከበለጡ ዊኪፒዲያ ዋና ቤታችሁ ሊሆን አይችልም። ይህን ለመሥራት አንድ ቅዳሜ ይበቃል፤ የወራት ልፋትም ያድናል።

ቀጥሎ አንባቢው ይመጣል። የምትጽፉት ለከተማው ተማሪ ነው? ስለ ወሎ ለሚያጠና የውጭ ተመራማሪ ነው? ወይስ ውጭ አገር ላለ የሰፈር ልጅ? ሦስቱ አንድ ቦታ አይገኙም።

ኔትና መብራትንም እንደ መመዘኛ ቁጠሩ። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ሁለቱን ከተሞች ሲደርስ፣ በኋላም ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ የሞባይል ዳታ በክልሉ ለወራት ሲቋረጥ፣ ኢንተርኔት ላይ ብቻ የነበረ የትምህርት ጽሑፍ ሁሉ ከተማሪው እጅ ወጥቷል።

አራተኛው ጠባቂ ነው፤ የይለፍ ቃሉን የያዘ፣ ቆሻሻ ጽሑፍ የሚያጠፋ፣ መጠባበቂያ ቅጂ የሚያወጣ ሰው። ሁለት ጠባቂ ከሌላችሁ ጠባቂ የሚፈልግ አማራጭ አትምረጡ። አንደኛው ለሥራ አዲስ አበባ በሄደ ማግስት ነገሩ ይቆማልና። በመጨረሻም መውጫውን እዩ፤ ነገ ቤት ብንቀይር ጽሑፉን ከነታሪኩ ይዘን መውጣት እንችላለን ወይ?

የአማርኛው ዊኪፒዲያ

ራሱን የሚጠራው «ውክፔዲያ» ብሎ ነው፤ ስትፈልጉት በሁለቱም አጻጻፍ ሞክሩ። ወደ 15 ሺህ ገደማ ጽሑፎች አሉት። የእንግሊዝኛው ከ7 ሚሊዮን በላይ አለው፤ ልዩነቱን ከዚህ መገመት ይቻላል። ብዙዎቹ የአማርኛ ገጾች ሁለትና ሦስት ዐረፍተ ነገር ናቸው። አንድ በትጋት የሚሠራ ቡድን በጥቂት ወራት ውስጥ ስለ ደቡብ ወሎ ያለውን ይዘት ሊለውጠው የሚችልበት ቦታ ይህ ነው። በሌላ በኩል አርታኢው ጥቂት ስለሆነ የተሳሳተ ነገር ሳይታረም ረጅም ጊዜ ይቆያል። ማንም አላረመውም ማለት ልክ ነው ማለት አይደለም።

ማስረጃ እዚህም ይጠየቃል። ለመነሻ የሚመቹት ምንጫቸው የታወቀ ርእሶች ናቸው፤ ንጉሥ ሚካኤል፣ ልጃቸውና የእቴጌ መነን እናት ወይዘሮ ስሂን ሚካኤል፣ የሰገሌ ጦርነት፣ ሐይቅ እስጢፋኖስ፣ የቦርከና ወንዝ፣ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ የተባሉት ቅኝቶች። ምንጩ ኢንተርኔት ላይ መኖር የለበትም። መደርደሪያ ላይ ያለ መጽሐፍ ወይም የድሮ የ«አዲስ ዘመን» ወይም የ«በኩር» ጋዜጣ እትም ይበቃል፤ ርእሱን፣ የጸሐፊውን ስም፣ ቀኑንና ገጹን በትክክል መጻፍ ነው። ሊንክ የለውም ተብሎ ምንጭ አይጣልም።

ሦስት ነገሮች ሁልጊዜ ያሰናክላሉ።

የመጀመሪያው ሞክሼ ፊደል ነው። «ንጉሥ ሚካኤል» እና «ንጉስ ሚካኤል» ለሰው አንድ ናቸው፤ ለሶፍትዌሩ ግን ሁለት የተለያዩ ርእሶች ናቸው። በዚህ ምክንያት ስለ አንድ ሰው ሁለት ገጽ ይከፈታል። አዲስ ገጽ ከመክፈታችሁ በፊት በሀ፣ በሐ፣ በኀ፣ በሰ፣ በሠ፣ በአ፣ በዐ፣ በጸ፣ በፀ እየቀያየራችሁ ፈልጉ። ገጹን ከከፈታችሁ በኋላ ለቀሩት አጻጻፎች ወደ ዋናው የሚመሩ አቅጣጫ ቀያሪ ገጾች ሥሩላቸው። ለንጉሥ ሚካኤል «ራስ ሚካኤል» እና የቀድሞ ስማቸው «መሐመድ ዓሊ» ጭምር ያስፈልጋል። ኮምቦልቻም ምሥራቅ ሐረርጌ ውስጥ ሌላ ስላለች በርእሱ ላይ የወሎዋ መሆኗ ይለይ።

ሁለተኛው ዘመን አቆጣጠር ነው። የኢጣሊያ አውሮፕላኖች ደሴን የደበደቡት እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 6 ቀን 1935፣ በእኛ ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው። «ስምንት ዓመት ቀንስ» የሚለውን በጭፍን የተከተለ ሰው 1927 ብሎ ይጽፋል። ከእኛ አዲስ ዓመት ጀምሮ እስከ ፈረንጆቹ ዲሴምበር መጨረሻ ልዩነቱ ሰባት ነው፤ ከጃንዋሪ እስከ ጳጉሜን ስምንት። ቀን ሁሉ «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» ሳይባልበት አይለፍ። ከእንግሊዝኛ በተተረጎሙ ገጾች ላይ በቀላሉ የሚገባ ስህተት ይህ ነው።

ሦስተኛው ቅጂ ነው። ከበራሪ ወረቀት፣ ከመጽሔት ወይም ከፌስቡክ ገልብጦ መለጠፍ የቅጂ መብት መጣስ ነው፤ ገጹም ይሰረዛል። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የደራሲ መብት ዕድሜውን ሙሉና ካረፈ በኋላ 50 ዓመት ይጠበቃል። አንብባችሁ፣ ዘግታችሁ፣ በራሳችሁ ቃል ጻፉ። እናንተ የጻፋችሁት ደግሞ ማንም፣ ነጋዴም ቢሆን፣ ስማችሁን ጠቅሶ በዊኪፒዲያው ነጻ ፈቃድ እንዲጠቀምበት የተሰጠ ነው፤ መልሶ መንጠቅ አይቻልም። አባላቱ ይህን ቀድመው ይወቁ።

ፎቶ የሚጫነው ዊኪሚዲያ ኮመንስ በተባለው የጋራ ማኅደር ላይ ነው። ፎቶውን ያነሣው ሰው ራሱ ይጫነው። አባት ያስቀመጡት የድሮ ፎቶ በእጃችን መኖሩ የፎቶው መብት የእኛ ነው ማለት አይደለም። ለዚህ ሥራ በጊዜ መነሣት ይገባል። በጦርነቱ የደሴ ሙዚየም ተዘርፏል፤ ዛሬ በትክክል ተነሥቶ፣ ቀኑና ቦታው ተጽፎበት የተቀመጠ ፎቶ ነገ ቅርስ ለማስመለስ ማስረጃ ሊሆን ይችላል።

የእንግሊዝኛው ዊኪፒዲያ

ተመራማሪ፣ ጋዜጠኛና ጎብኚ በብዛት የሚያዩት ይህን ነው፤ ደንቡም የዚያኑ ያህል ጥብቅ ነው። አዲስ አካውንት አራት ቀን ሳይሞላውና አሥር እርማት ሳይሠራ በቀጥታ አዲስ ጽሑፍ ማውጣት አይችልም። ረቂቅ አዘጋጅቶ ለገምጋሚ ይልካል። ስድስት ወር ሳይነካ የቆየ ረቂቅ ይሰረዛል።

ዋናው ደንብ «ተጠቃሽነት» ልንለው የምንችለው ነው፤ ከርእሱ ጋር የጥቅም ትስስር የሌላቸው፣ የታመኑ ምንጮች ስለ ርእሱ በሰፊው ጽፈው መገኘት አለባቸው። አንድ ትምህርት ቤት ስለ ራሱ የጻፈው መጽሔት አይቆጠርም። የማስተርስ ማሟያ ጽሑፍ ደካማ ምንጭ ነው፤ የዶክትሬት ጥናት ይሻላል፤ በመጽሔት የታተመ ጥናት ከሁለቱም ይበልጣል። አንድን ሆቴል፣ የራስን ድርጅት ወይም የራስን አለቃ ለማሞገስ የተጻፈ ገጽ ፈጥኖ ይወድቃል።

ስለዚህ እዚህ አዲስ ገጽ ከመክፈት ያለውን ማረም ያዋጣል። ስለ ደሴ፣ ስለ ኮምቦልቻ፣ ስለ ወሎ ዩኒቨርሲቲ ያሉትን ገጾች ከፍቶ ምንጭ የሌለውን ዐረፍተ ነገር ምንጭ መስጠት፣ የተበላሸ የቦታ ስም ማቃናት፣ የአካባቢ ፎቶ መጨመር ይቻላል። ትንሽ እርማት እምብዛም አይሰረዝም፤ አርታኢውንም ያስተምራል።

የራስ ዊኪ

የወዳጃ፣ ማለትም የጋራ ጸሎት፣ ሥርዓት በአንድ ሰፈር እንዴት እንደሚካሄድ፣ ዱበርቲ የሚባሉት እናቶች ምርቃት፣ የዕድር መተዳደሪያ፣ የሐረጎ መንገድ ሲሠራ የነበሩ ሰዎች ትዝታ፣ የሸዋ በርና የፒያሳ የድሮ ሱቆች፣ የኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኞች የሥራ ቃላት፤ ለእነዚህ ገና ያልታተሙ እውቀቶች ቤታቸው የራስ ዊኪ ነው። ምንጩ ተናጋሪው ራሱ ስለሆነ ደንቡን እናንተ ታወጣላችሁ። በእያንዳንዱ ገጽ ግርጌ ማን ተናገረ፣ የት፣ መቼ፣ ማን ቀዳው፣ ለማሳተም ፈቅደዋል ወይ የሚሉ አምስት መስመሮች ግዴታ ይሁኑ። የዛሬ አሥር ዓመት አንድ ተመራማሪ ይህን አይቶ ሲያሳትመው ያን ጊዜ ወደ ዊኪፒዲያ የሚሄድበት መንገድ ይከፈታል።

መንገዱ ሦስት ነው። የመጀመሪያው በነጻ የሚያስተናግዱ ድርጅቶች ዘንድ መክፈት ነው። ሚራሄዝ ያለ ማስታወቂያ በልገሳ የሚሠራ ነው፤ ዓላማችሁን ጽፋችሁ ታመለክታላችሁ። ለወራት ማንም ካልጻፈበት ግን ሊዘጋ ይችላል። ፋንደም ማስታወቂያ የሚበዛበት ስለሆነ የአንባቢውን ዳታ ይበላል፤ ለዚህ ሥራ አንመክረውም።

ሁለተኛው ሚዲያዊኪን፣ ማለትም ዊኪፒዲያ ራሱ የሚሠራበትን ነጻ ሶፍትዌር፣ በኪራይ ሰርቨር ላይ መጫን ነው። ፒኤችፒ የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋና ማሪያዲቢ የሚባለውን የመረጃ ቋት ይፈልጋል። ከባዱ ሰርቨሩን ማቆየት ነው፤ የውጭ አገር አስተናጋጅ ክፍያ በዶላር ካርድ ስለሚጠየቅ የማደሻው ቀን ካለፈ ሁሉም ይጠፋል። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አካውንት የሌለው ሰው እንዳይጽፍ ዝጉት፤ አለበለዚያ የማስታወቂያ ሮቦቶች በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይወሩታል። አካውንት ሲከፈትም የአካባቢው ሰው ብቻ የሚያውቀውን ጥያቄ አስገቡ፤ «ከደሴ በላይ ያለው ተራራ ማን ይባላል?» የሚለውን ተራ ሮቦት በቀላሉ አይመልስም። መጠባበቂያ ቅጂ ስታወጡ ሦስቱንም ውሰዱ፤ የመረጃ ቋቱን፣ የምስሎቹን ማኅደርና የማስተካከያ ፋይሉን። የመረጃ ቋቱን ብቻ የወሰደ ሰው ፎቶዎቹን ያጣል።

ሦስተኛው፣ ለትንሽ ቤተ መጻሕፍት ከሁሉ የሚሻለው፣ ዶኩዊኪ የሚባለው ሌላ ነጻ የዊኪ ፕሮግራም ነው። የመረጃ ቋት አይፈልግም፤ እያንዳንዱ ገጽ ተራ የጽሑፍ ፋይል ነው። በአንድ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፤ ማኅደሩን ወደ ፍላሽ መገልበጥ ብቻውን መጠባበቂያ ነው። አማርኛ ላይ ግን አንድ እንከን አለው። ፕሮግራሙ ሲጫን ባለው ማስተካከያ አንድ የግእዝ ፊደል በፋይሉ ስም ውስጥ ዘጠኝ ምልክት ይሆናል፤ የፋይል ስም ደግሞ ከ255 ምልክት አይበልጥም። ስለዚህ ከ25 ፊደል ገደማ በላይ የሆነ ርእስ አልቀመጥ ይላል። መፍትሔው ምንም ገጽ ሳይጻፍ በፊት በማስተካከያው ውስጥ የፋይል ስም አጻጻፉን ዩቲኤፍ-8 ወደሚባለው የፊደል አጻጻፍ መቀየር ነው። በኋላ ከተቀየረ የቀድሞዎቹ ገጾች አይገኙም። በሚዲያዊኪ ላይ ርእስ እስከ 85 ፊደል ይሄዳል፤ እዚያ ችግር የለም።

ኪዊክስ፦ ለማንበብ ብቻ

ኪዊክስ መጻፊያ አይደለም፤ ዊኪፒዲያን አውርዶ ያለ ኢንተርኔት ማንበቢያ ነው። የአማርኛው ትንሽ ስለሆነ በስልክ ይያዛል። የእንግሊዝኛው ከነፎቶው ከ100 ጊጋባይት ይበልጣል፤ ያለ ፎቶ ግማሹን ያህል፤ የየጽሑፉን መግቢያ ብቻ የያዘው 12 ገደማ። ለትምህርት ቤት ያለ ፎቶ የሆነውን በ128 ጊጋባይት ካርድ ላይ መያዝ ጥሩ መካከለኛ ነው።

ፋይሉን ወደ ካርድ ስትገለብጡ አራት ጊጋባይት ላይ እየተቋረጠ ካስቸገረ ካርዱ ፋት32 በሚባለው የፋይል አደረጃጀት የተዘጋጀ ነው። ወደ ኤክስፋት ቀይሩት፤ ይህን ስታደርጉ በካርዱ ላይ ያለው ሁሉ ይጠፋልና ቀድማችሁ አውጡት። አንድ ላፕቶፕ ላይ ኪዊክስን ከፍቶ ሰርቨሩን ማስነሣትና ኢንተርኔት በሌለው ተራ ዋይፋይ ራውተር ማገናኘት ይቻላል። ተማሪዎች በስልካቸው አሳሽ የላፕቶፑን አድራሻ ጽፈው ያነባሉ፤ ዳታ አይቆጥርባቸውም። በላፕቶፑ ፋንታ ራስበሪ ፓይ የተባለውን ትንሽ ኮምፒውተር የምትጠቀሙ ከሆነ መብራት በድንገት ሲጠፋ ካርዱ ሊበላሽ ይችላል፤ ፓወር ባንክ መሃል አስገቡና የካርዱን ሁለተኛ ቅጂ መሳቢያ ውስጥ ያዙ። ይዘቱ የወረደበትን ቀን ሳጥኑ ላይ ለጥፉ፤ ያረጀ መረጃ እንደ አዲስ እንዳይነበብ።

ቴሌግራም

ሁሉም ሰው እዚያ ስላለ ለመሰብሰቢያ ይመቻል፤ ለማስቀመጫ አይሆንም። ጽሑፍ ሲታረም የቀድሞው አይታይም፤ ባለቤቱ አካውንቱን ቢያጣ ቻናሉ ባለቤት አልባ ሊቀር ይችላል። የሚመጡላችሁን ፎቶዎች «እንደ ፎቶ» ሳይሆን «እንደ ፋይል» አስልኩ። እንደ ፎቶ ሲላክ ይጨመቃል፤ የተነሣበት ቀንም ከውስጡ ይጠፋል። ኮመንስ ላይ ፎቶው የእናንተ መሆኑ ሲጠየቅ የሚታየው አንዱ ያ ቀን ነው።

| አማራጭ | የታተመ ምንጭ | ያለ ኢንተርኔት | ጠባቂ | ወጪ |
|---|---|---|---|---|
| የአማርኛ ዊኪፒዲያ | ያስፈልጋል | አይሠራም (በኪዊክስ ካልሆነ) | አያስፈልግም | ዳታ ብቻ |
| የእንግሊዝኛ ዊኪፒዲያ | በጥብቅ ያስፈልጋል | አይሠራም (በኪዊክስ ካልሆነ) | አያስፈልግም | ዳታ ብቻ |
| ሚራሄዝ | እናንተ ትወስናላችሁ | አይሠራም | ሁለት ሰው | ዳታ ብቻ |
| ሚዲያዊኪ በኪራይ ሰርቨር | እናንተ ትወስናላችሁ | አይሠራም | ሁለት ሰው፣ አንዱ ቴክኒክ የሚያውቅ | በየዓመቱ፣ በውጭ ምንዛሪ |
| ዶኩዊኪ በቤተ መጻሕፍት | እናንተ ትወስናላችሁ | ይሠራል | ሁለት ሰው | አሮጌ ኮምፒውተርና ፍላሽ |
| ኪዊክስ | አይጻፍበትም | ይሠራል | ማውረጃና ማደሻ ሰው | ካርድ፣ ራውተር፣ ላፕቶፕ |
| ቴሌግራም | አይጠየቅም | አይሠራም | የቻናል ባለቤት | ዳታ ብቻ |

ለማን የትኛው?

ኮምፒውተር ኖሮት ኔት ለሌለው ትምህርት ቤት መጀመሪያ ኪዊክስ ነው። ተማሪ ሳያነብ አይጽፍም። ከስድስት ወር በኋላ በዚያው ላፕቶፕ ላይ ዶኩዊኪ ጨምሩበትና ተማሪዎች የሰፈራቸውን ይጻፉ።

የአዛውንት ትረካ ለሚሰበስብ ማኅበር ዶኩዊኪ ወይም ሚራሄዝ ነው። ከሁለቱ ለመምረጥ «ተናጋሪው ዓለም እንዲያየው ፈቅደዋል?» ብላችሁ ጠይቁ። ካልፈቀዱ ዶኩዊኪ፣ ከቤተ መጻሕፍቱም ሳይወጣ። ድምፁን ለየብቻ በሁለት ፍላሽ አስቀምጡ፤ አንዱ ደሴ፣ አንዱ ኮምቦልቻ ይሁን። የ25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ለመጠባበቂያ በቂ ነው።

ለቅርስና ለቱሪዝም የሚሠሩ ኮመንስ ላይ ፎቶ፣ የእንግሊዝኛው ላይ እርማት ያስቀድሙ። ገንዘብ ያገኘ ቡድን ደግሞ ወዲያው ሰርቨር አይከራይ። ለመጀመሪያው ዓመት ስካነር፣ ድምፅ መቅጃና የመጓጓዣ አበል ይበልጥ ያስፈልጋሉ።

ወጣቶችን ሰብስባችሁ የዊኪፒዲያ የጽሕፈት ቀን ለማድረግ ካሰባችሁ አካውንት የሚከፈተው በዕለቱ አይሁን። ከአንድ የኢንተርኔት አድራሻ በቀን ከስድስት በላይ አካውንት አይከፈትም። በአንድ ዋይፋይ ሠላሳ ልጅ ብትሰበስቡ ሰባተኛው ላይ ይቆማል። የሞባይል ዳታም ብዙ ሰው አንድ አድራሻ ስለሚጋራ ዋስትና አይሆንም። ከሳምንት በፊት እያንዳንዱ ከቤቱ ይክፈት፣ ኢሜይሉን ያረጋግጥ፣ በራሱ ገጽ ላይ አንድ ዐረፍተ ነገር ጽፎ ይለማመድ። በዕለቱ ጠረጴዛው ላይ በቅድሚያ የሚቀመጡት መጻሕፍቱና ጋዜጦቹ ይሁኑ፤ ለሁለት ልጅ አንድ ምንጭ፣ አንድ ገጽ፣ አንድ እርማት።